49 ወጥመድ ለሐረና ጫካ ይበቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ የትናንሽ አጥቢ እንስሳት ብዝኃነት ላይ ቴሲሷን እየሠራች ነው። በዝናቡ ወቅት 49 የሸርማን ወጥመድ (እንስሳውን በሕይወቱ የሚይዝ ሳጥን) 7 በ7 አድርጋ በግሪድ፣ ማለትም በእኩል ርቀት በተሰለፉ ረድፎች፣ ዘረጋች። ሁለት ቦታ፣ ሦስት ሦስት ሌሊት። ሁለቱም ቦታ የጫካ ቡና ያለበት ታችኛው ክፍል ነው፣ ከዶሎ መና መንገድም ብዙ አይርቅም። 31 እንስሳ ያዘች። 22ቱ ነጭ እግር አይጥ፣ 6ቱ ፀጉረ ሸካራው ሎፉሮሚስ፣ 2 ዴስሞሚስ፣ 1 ደግሞ ትንሿ ሙስ ማሆሜት፣ ሁሉም የአይጥ ዓይነቶች። "ጋሼ፣ አድቫይዘሬ 'የጫካው ብዝኃነት ዝቅተኛ ነው ብለሽ ጻፊ' ይለኛል። ለበጋው ሦስት ሳምንት አለኝ። ያንኑ ልድገመው ወይስ ሌላ ነገር ልሞክር?" ትላለች።

እሺ እህቴ። ግሪዱን ድገሚው፣ ግን እሱን ብቻ ሠርተሽ አትመለሺ። "ብዝኃነቱ ዝቅተኛ ነው" የሚለውን ደግሞ አሁን በያዝሽው ዳታ አትጻፊው። ምክንያቱን ላስረዳሽ፣ ትንሽ ረዘም ይላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዝርዝርሽ ውስጥ ሽሪው አለ? አፍንጫው ሹል፣ ዓይኑ ኢምንት፣ ነፍሳት እየበላ የሚኖረው ማለቴ ነው። የለም። አንድም የለም። ክሮሲዱራ ሐረና የሚባል ሽሪው ግን አለ። ስሙን ያገኘው ከዚሁ አንቺ ከምትሠሪበት ጫካ ነው፣ ለሳይንስ የተገለጸውም በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ክሮሲዱራ ቦቴጎይደስ የሚባለው ትንሹ ዘመዱም አብሮ ከባሌ ተገለጸ። እንግዲህ በጫካው ስም የተሰየመው እንስሳ በጫካው ዳታ ውስጥ ከሌለ ጥርጣሬው መጀመር ያለበት ከወጥመዱ ነው። ጫካውን መጠርጠር በኋላ ይደርሳል።

ሸርማን ወጥመድ የሚዘጋው እንስሳው ውስጡ ያለችውን መርገጫ ሲጫናት ነው። ጥቂት ግራም የሚመዝን ሽሪው ረግጧት አልፎ ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያውኑም ማባበያው፣ የኦቾሎኒ ቅቤና አጃ፣ ብዙ አያጓጓውም። ከዚህ ሌላ ወጥመዶችሽ በሙሉ መሬት ላይ ናቸው። ሐረና ውስጥ ደግሞ ሐረጉ፣ ሙጃው፣ በዛፍ ሽበት የተሸፈነው ቅርንጫፍ ሁሉ የእንስሳ መንገድ ነው። ግራሞሚስ፣ ዴንድሮሙስ፣ ጭራው ፀጉራም የሆነው ግራፊዩሩስ፣ እነዚህ አብዛኛውን ሕይወታቸውን ከመሬት ከፍ ብለው ነው የሚያሳልፉት። መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ ብትጠብቂያቸው ላይመጡ ይችላሉ።

አድቫይዘርሽን ግን አትቀየሚው። 7 በ7 ግሪድ፣ በ10 ሜትር ርቀት፣ 49 ወጥመድ፣ እኛ አገር በዚህ ዘርፍ የተሠሩ ቴሲሶችን ብታገላብጪ ብዙዎቹ ውስጥ ይሄንኑ ነው የምታገኚው። መጥፎ ዘዴ አይደለም። የተሠራው ግን ለሌላ ጥያቄ ነው። ግሪድ "በሄክታር ስንት እንስሳ አለ? የያዝኩትን ምልክት አድርጌ ስለቅቀው ነገ ተመልሶ ይገባል ወይ?" ለሚል ሰው የተመቸ ነው። 49ኙ ወጥመድ ግማሽ ሄክታር በማትሞላ ቦታ ላይ ተጠቅጥቆ አንድ ዓይነት ቁጥቋጦ ሥር ያለውን የእንስሳ ስብስብ ደጋግሞ ይነግርሻል። ያንቺ ጥያቄ "ምን ምን ዓይነት አለ?" ነው። ለዚህ መበተን ያስፈልጋል። በቦታ መበተን፣ በከፍታ መበተን፣ በወጥመድ ዓይነትም መበተን።

አሁን ሒሳቡን እንየው፣ ምክንያቱም ኮሚቴው ፊት የሚያጋጥምሽ እሱ ነው። 49 ወጥመድ በ3 ሌሊት 147፣ ሁለት ቦታ ሲሆን 294 የወጥመድ ሌሊት ነው (አንድ ወጥመድ አንድ ሌሊት ሲዘረጋ አንድ ይባላል)። 31 ለ294 ሲካፈል 10.5 በመቶ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ እንስሳው አለ፣ ወጥመዱም ይሠራል። (ተዘግተው ባዶ የተገኙትን መዝግበሻል? እነሱ ግማሽ ሌሊት ብቻ እንደሠሩ ነው የሚቆጠሩት። 20 ቢሆኑ 294ቱ ወደ 284 ይወርዳል።) የሻነን ኢንዴክስሽን፣ የዝርያውን ብዛትና ስብጥር በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን፣ ደግሞ ሠራሁት፣ 0.85 አካባቢ ነው። ወደ ዝርያ ቁጥር ሲመለስ፣ እኩል የበዙ 2.3 ዝርያዎች እንዳሉ ያህል ማለት ነው። አድቫይዘርሽ "ዝቅተኛ" ያለው ይቺን አይቶ ይመስለኛል።

የሚገርመው ግን ቻኦ የሚባለው፣ ያልተያዙትን ጨምሮ ስንት ዝርያ እንዳለ የሚገምተው ቀመር ነው። ቀመሩ ያገኘሽውን የዝርያ ብዛት ይወስድና አንዴ ብቻ የተያዙትን ዝርያዎች ብዛት በራሱ አባዝቶ፣ ሁለቴ የተያዙትን እጥፍ አካፍሎበት ይደምራል። ያንቺ 4 ዝርያ ነው። አንዴ የተያዘ 1 አለ፣ ሁለቴ የተያዘም 1 አለ። ስለዚህ 4 ሲደመር ግማሽ፣ 4.5 ይሆናል። ቀመሩ "ጨርሰሻል፣ የቀረሽ ነገር የለም" እያለሽ ነው! ሶፍትዌሩም ይህንኑ ቆንጆ ጠፍጣፋ ከርቭ (አዲስ ዝርያ መጨመሩ እንደቆመ የሚያሳይ መስመር) አድርጎ ይስልልሻል። ሽሪው ግን ዜሮ ነው። ምክንያቱም ቀመሩ የሚገምተው በዚያ ወጥመድ፣ በዚያ ቦታ ሊያዝ የሚችለውን ብቻ ነው። ወጥመዱ የማያየውን እንስሳ ቀመሩም አያየውም። ብዙ ቴሲስ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ከርቩ ሲተኛ ጊዜ ሰዉ ተደስቶ ይጽፋል።

ስለዚህ ለበጋው እንዲህ አድርጊ። 21 ሌሊት አለሽ እንበል።

መጀመሪያ ሁለቱን ግሪዶች እዚያው ቦታ፣ በዚያው ርቀት፣ በዚያው ማባበያ፣ ሦስት ሦስት ሌሊት ድገሚ። ስድስት ሌሊት ይወስዳል። ይሄን ካልደገምሽ ዝናቡንና በጋውን የምታወዳድሪበት ምንም ነገር አይኖርሽም። አዲስ ዘዴ ጨምረሽ ስድስት ዝርያ ብታገኚ "በበጋ ብዝኃነት ጨመረ" ማለት አትችዪም፣ የጨመርሽው ባልዲ (ሽሪው የሚያዝበት፣ ዝቅ ብዬ የምነግርሽ) ነው። በነገራችን ላይ በበጋ ጎዳንቱ አለ፣ ከብቱ በወቅቱ የሚዘዋወርበት የባሌ ልማድ። ሳሩና ቁጥቋጦው ከተጋጠ አይጡም መሸሸጊያ ያጣል። እንስሳ ቢያንስብሽ ሁሉንም በወቅቱ ከማላከክሽ በፊት በየወጥመዱ አጠገብ የሽፋኑን መጠንና የከብት ኮቴ መኖር አለመኖሩን ጻፊ። አንድ መስመር ነው፣ ግን ውይይት ምዕራፍሽን ያድንልሻል።

ከዚያ 49ኙን ወጥመድ ይዘሽ ወደ ላይ ውጪ። ሐረና ከታች 1,500 ሜትር አካባቢ ካለው ቡና ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ እስካለው አስታ ድረስ የሚወጣ ጫካ ነው። አንቺ የእግሩን ጣት ብቻ ነው ያየሽው። ሁለት ቀበቶ፣ ማለትም የከፍታ ደረጃ፣ ምረጪ፦ አንዱ ቡና የማይለቀምበት ጥቅጥቅ ያለው መካከለኛ ጫካ፣ ሌላው ከላይ፣ ከሪራ መንደር አካባቢ፣ ቀርከሃውና አስታው የሚገናኙበት። ሦስት ቀበቶ ላይ መሯሯጥ ያምራል፣ ግን በሦስት ሳምንት ሦስቱንም ቀሽም አድርገሽ ትጨርሻለሽ። በየቀበቶው አምስት ሌሊት ቆዪ። ሃያ ሃያ ወጥመድ ያላቸው ሁለት መስመሮች፣ በ10 ሜትር ርቀት። አንዱ ከጅረት ዳር፣ አንዱ ከተዳፋቱ። የቀሩትን 9 ከመሬት ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር ከፍታ ሐረግና ቅርንጫፍ ላይ እሰሪያቸው። በሽቦ ጥብቅ አድርገሽ፣ እንዳይወዛወዙ። የሚወዛወዝ ወጥመድ በነፋስ ይዘጋል፣ እንስሳውም አያምነውም። 49 በ5፣ በቀበቶ 245 የወጥመድ ሌሊት፣ በሁለቱ 490 ማለት ነው። ስድስቱ የግሪድ፣ አሥሩ የመስመር፣ የሚተርፉሽ አምስት ሌሊት ለጉዞና ለባልዲ መቅበሪያ ቁፋሮ ነው። ብዙ እንዳይመስልሽ፣ ያልቃሉ።

አሁን ወደ ባልዲው። ሽሪው የምታገኚው በባልዲ ነው። 11 የፕላስቲክ ባልዲ፣ 10 ወይም 15 ሊትር የሚይዝ፣ ከገበያ ግዢ። በ5 ሜትር ርቀት በቀጥታ መስመር ቅበሪያቸው፣ ከጫፍ ጫፍ 50 ሜትር ይሆናል። የባልዲው አፍ ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ስል እኩል ነው፣ ጣትሽን ስታሳልፊበት ጠርዙ እንዳይሰማሽ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ሽሪው ጠርዙን ታክኮ ዞሮ ይሄዳል። ሥሩን በምስማር ብሺው፣ ውኃ እንዳያቁር። ከዚያ በባልዲዎቹ አናት ላይ ግማሽ ሜትር ቁመት ያለው ላስቲክ እንደ አጥር ዘርጊ። የታችኛውን ጫፍ ወደ ጎን አጥፈሽ አፈርና ቅጠል አልብሺው፣ አለበለዚያ በሥሩ ሾልኮ ያልፋል። እንስሳው አጥሩን ሲያገኝ ይታከከዋል፣ ታክኮ ሲሄድ ይወድቃል። ማባበያ አያስፈልግም። ይሄን የ11 ባልዲ መስመር የቺካጎ ፊልድ ሙዚየሙ ዊልያም ስታንሊ በታንዛኒያ ተራሮች ላይ ለዓመታት ተጠቅሞበታል። ሰውዬው በ2015 እ.ኤ.አ. ሰሜን ተራሮች ላይ በዚሁ በትናንሽ አጥቢዎች ጥናት ሥራ ላይ እያለ ነው ያረፈው።

ባልዲውን ገና ግሪድ ስትጀምሪ ቅበሪው፣ ከግሪዱ ግን መቶ ሜትር ያህል ራቂ። ሌሊቱን ለየብቻ ቁጠሪ። የባልዲ ሌሊትና የሸርማን ሌሊት ተደምሮ አንድ የስኬት መቶኛ አይሠራበትም። በደረቅ ሌሊት ብዙ ባዶ ታገኛለሽ፣ አትደንግጪ፣ ዝናብ የነካው ሌሊት ይክስሻል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሽሪው በየጥቂት ሰዓቱ ካልበላ ይሞታል። ስለዚህ ባልዲ ውስጥ ደረቅ ቅጠልና ጥቂት ትል ወይም ነፍሳት ጣይበት። ጎህ ሲቀድ እዪው፣ ከሰዓት እዪው፣ ከመተኛትሽ በፊትም ከቻልሽ እዪው። ይሄን ማድረግ የማትችዪ ከሆነ ባልዲውን ክደኚው። ለዳታ ብሎ መግደል ትርፍ የለውም።

ሸርማኖቹንም ቀን ቀን አትዝጊያቸው፣ ጥላ ሥር እስካሉ ድረስ። ሎፉሮሚስ ቀንም ይንቀሳቀሳል። ብዙ ሰው ጠዋት ሰብስቦ ማታ ይከፍታል፣ የቀኑን እንስሳ በገዛ እጁ ይጥላል። ላይኛው ቀበቶ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፣ በየወጥመዱ ጥጥ ወይም ደረቅ ሳር ክተቺ። ጉንዳን የመጣበትን ወጥመድ ወዲያው አንሺ። ማባበያውን መጨረሱስ ይሁን፣ የታሰረውን እንስሳ ከነነፍሱ ነው የሚጨርሰው።

አሁን የያዝሽውን እንስሳ እንዴት እንደምትለዪው። እዚህ ላይ የድሮ ቴሲሶች ያደናግሩሻል። ፕራኦሚስ አልቢፔስ፣ ማዮሚስ አልቢፔስ፣ ስቴኖሴፋሌሚስ አልቢፔስ፣ ሦስቱም ያንቺው ነጭ እግር ነው። አሁን የሚሠራበት የመጨረሻው ነው። ሦስቱን ሦስት ዝርያ አድርጎ ሠንጠረዥ የሠራ አይጠፋም። ሎፉሮሚስ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ድሮ ሁሉም ፍላቮፑንክታተስ ይባል ነበር። ዛሬ የእኛዎቹ ብዙ ቦታ ተከፋፍለዋል። ባሌ ላይ ጫካው ውስጥ ያለው ክሪሶፑስ ነው፣ ከእሱ በላይ ጭራ አጭሩ ብሬቪካውደስ፣ ከጫካው በላይ ባለው የሰናቴ አምባ ላይ ሜላኖኒክስ። እንደ ፎቅ ተከራይ በየደረጃው ተቀምጠዋል። ነጭ እግሩም ወደ ላይ ስትወጪ ዘመዱ ግሪሴይካውዳ ይተካዋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አልቦካውዳታ። ስለዚህ ሪራ ላይ የያዝሽውን ሁሉ በታችኛው ስም ከመዘገብሽው፣ ከፍታው ያመጣውን ለውጥ በእጅሽ ይዘሽ በስም አጠፋሽው ማለት ነው።

አያያዙን ልንገርሽ፣ በተለይ ሎፉሮሚስን። ወጥመዱን ከረጢት አፍ ላይ ደፍተሽ ታራግፊዋለሽ። ከነከረጢቱ ትመዝኛለሽ፣ በኋላ ባዶውን ከረጢት መዝነሽ ትቀንሻለሽ (በየጊዜው፣ ከረጢቱ በሽንት ይከብዳል)። ከዚያ ከረጢቱ ላይ በጨርቁ በኩል አንገቱን ፈልገሽ ያዢ። ሌላውን አይጥ ማጅራቱን ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ ይቻላል። ሎፉሮሚስ ግን ቆዳው ስስ ነው፣ ቶሎ ይቀደዳል፣ ጭራውም በቀላሉ ይቆረጣል። ላላ አድርገሽ፣ በመዳፍሽ ሙሉ አካሉን ደግፈሽ ያዢው። ጭራው ጉርድ ሆኖ ካገኘሽው "የተቆረጠ" ብለሽ ጻፊ እንጂ ርዝመቱን ከሌሎቹ ጋር አታማካዪው። የኋላ እግሩን ስትለኪ ከጥፍር ጋር ይሁን ያለ ጥፍር ወስኚና እስከ መጨረሻው በዚያው ሂጂ። ርዝመት፣ ጭራ፣ የኋላ እግር፣ ጆሮ፣ ክብደት፣ ጾታ፣ የመራቢያ ሁኔታ፣ በቃ። ለምልክት የጎኑን ፀጉር በመቀስ መከርከም ለአምስት ሌሊት ይበቃል። ጣት መቁረጥ እዚህ ሥራ ላይ ምንም አያስፈልግሽም፣ ያየሽው ቴሲስ ቢያደርገውም።

ከያንዳንዱ የተጠራጠርሽው እንስሳ ከጆሮው ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ወስደሽ 96 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ክተቺ። ቁጥሩን በእርሳስ ጻፊ፣ እስክሪብቶ በኢታኖል ይለቃል። ሽሪውን በዓይን ለይቼ ስም ሰጠሁ ብትዪኝ አላምንሽም፣ የራስ ቅል ወይም ዲኤንኤ ይፈልጋል። ለዚህ ከየዓይነቱ ጥቂት ናሙና ማስቀረት ግድ ይሆናል፣ ባልዲ ውስጥ ሞቶ የተገኘውንም አትጣዪው። አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ጋ ቀድመሽ ተነጋገሪ፣ የተረጋገጡ ናሙናዎችንም አብረሽ ታያለሽ።

ጓንትና ማስክ አትርሺ። ያ የዋህ የሚመስለው ነጭ እግር፣ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ሃንታ ቫይረስ ተገኝቶበታል፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሽንቱ የደረቀበትን ወጥመድ አፍንጫሽ ሥር አታራግፊ። በበረኪና እጠቢ፣ ሰው ከሚቀዳበት ጅረት ርቀሽ።

አድቫይዘርሽን ምን ትዪዋለሽ? እንዲህ ጻፊና አሳዪው፦ "በታችኛው የቡና ጫካ፣ በመሬት ላይ የሸርማን ወጥመድ፣ በ294 የወጥመድ ሌሊት 4 የአይጥ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ነጭ እግር አይጥ 71 በመቶውን ይይዛል።" ይሄ እውነት ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። "የሐረና ብዝኃነት ዝቅተኛ ነው" የሚለው ግን ያላየሽው ቦታና ያልያዝሽው እንስሳ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። ቦታዎቹን ስታወዳድሪም በስንት እንስሳ ላይ እንደቆምሽ አስተካክዪ። ሪራ ላይ 60 ብትይዢ፣ ከ60ው ውስጥ በዘፈቀደ 31 ቢወጣ ስንት ዝርያ ይጠበቃል የሚለውን አስልተሽ ከ31ዱ ጋር አወዳድሪ። ነፃ የሆኑት ሶፍትዌሮች በደቂቃ ይሠሩልሻል።

ፈቃዱን ዛሬውኑ ጀምሪ። ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያለሽ ደብዳቤ ግሪድ ብቻ የሚል ከሆነ ባልዲና ናሙና ማስቀረት በግልጽ ይጨመርበት፣ ዲንሾ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም ይወቀው። ናሙናው ለዲኤንኤ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋ ሌላ ፈቃድ አለ፣ እሱም ጊዜ ይፈጃል። ጫካው ውስጥ ያለ ስካውት አትግቢ፣ አንበሳም አለበት።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። 31ዱ ሁሉም አዲስ እንስሳ ናቸው ወይስ ዳግም የተያዙትም ተቆጥረዋል? ዳግም የተያዙት ካሉበት ከላይ የሠራሁት ሒሳብ ሁሉ ይቀየራል። ዳታ ሺቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እንየው።